ሺህ ሪያል ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ

ብሩ የሚወጣባት ቁጥር አሥር አኃዝ ናት። ባንክ ቤቱ «የሚስጥር ቁጥር» ይላታል። ሚስጥርነቷ ያበቃው ግን ገና ከሪያድ ሳትወጣ ነው፤ ላኪዋ ልጅ በኢሞ ጥሪ ጮክ ብላ ተናገረቻት፤ እናት ጆሯቸውን ስለማያምኑ ድምፅ ማጉያውን ከፈቱት፤ የጎረቤት ተማሪ ከሒሳብ ደብተሩ በቀደዳት ወረቀት ላይ ጻፋት፤ ባጃጅ ነጂው ደግሞ «ይቺ አንድ ናት ሰባት?» የሚለውን ክርክር ለመዳኘት ፍሬን ይዞ አነበባት። ወረቀቷ በመቀነት ጫፍ ተቋጥራ ባንክ ቤት ስትደርስ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ከተቀመጠው ከፋይ በቀር የማያውቃት የሰፈር ሰው የለም።

እንዲህ ያሉ እናት ሸዋ ሮቢት ውስጥ አንድና ሁለት አይደሉም። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ከጣርማ በር ብርድ ወደ ይፋት ቆላ የወረደ መንገደኛ ሹራቡን እያወለቀ መጀመሪያ የሚያየው የሽንኩርት ማሳና የማንጎ ዛፍ ነው። ቀጥሎ የሚያየው ባንክ ነው። ማሳውን የሮቢ ወንዝ ያጠጣዋል። ባንኮቹን ደግሞ ከሽንኩርቱና ከማሾው ገንዘብ ሌላ፣ ሪያድ፣ ጅዳ፣ ዱባይና ኩዌት ያሉ የጀውሃ፣ የአጣዬ፣ የካራ ቆሬና የሰንበቴ ልጆች ያጠጧቸዋል።

ሳዑዲ ዓረቢያ ለቤት ሠራተኝነት በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት መሠረት የሄደች ኢትዮጵያዊት የወር ደመወዟ 1,000 ሪያል ነው። ሺህ ሪያል ቁርጥ ያለ፣ ለሒሳብ የሚመች ቁጥር ነው። ችግሩ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ምን ያህል እንደሚሆን ከላኪዋም ከተቀባይዋም አስቀድሞ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። እናት «ስንት ላክሽ?» ይላሉ፤ ልጅ «ስንት ገባ?» ትላለች። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል የሚጠፋው ብር የማን ኪስ እንደገባ ለማወቅ ነው እንግዲህ አገር ምድሩ የሚጨነቀው።

ይፋት በሌላ አገር ገንዘብ መገበያየትን የለመደው ዛሬ አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የሙስሊም ሱልጣኔቶች የጻፈው አል ዑመሪ፣ ይፋት የራሱ ገንዘብ እንደሌለውና ነጋዴዎች ከግብፅ ባመጡት ዲናርና ድርሃም እንደሚገበያይ ይነግረናል። በዚያው ጊዜ ሌላው ሱልጣኔት ደዋሮ በብረት ቁርጥራጭ ይሸጥ ይለውጥ ነበር። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ከአፋር የወጣው አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ይገናኙ ነበር። አሞሌው ጨው ከሚፈለጥበት ሜዳ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ ጫፉ የተሸረፈው ዋጋው ይወርዳል። ጠገራውም ቢሆን ዝም ብሎ አይታመንም፤ ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ነጠብጣቡ ሳይቆጠር ኪስ አይገባም። የዚያ ዘመን ነጋዴ «ክፍያው ስንት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ባንድ ብር ስንት አሞሌ?» ብሎ ነው።

ይህች ጥያቄ በኋላ ተረሳች። ያስረሳት አንድ ቃል ነው፤ «ነፃ»።

ሪያድ ውስጥ ሐበሻ ከሚበዛበት ከመንፉሃ ሰፈር ብዙም ሳይርቁ ገንዘብ መላኪያ ቤቶች ተደርድረዋል፤ በስልክ መተግበሪያ የሚልኩም በየጊዜው ይጨመራሉ። ሁሉም ክፍያቸውን በትልቁ ይጽፋሉ፤ ምንዛሪያቸውን በትንሹ። ለምሳሌ ያህል፣ አንዱ «ክፍያ የለም» ብሎ አንድ ሪያል በ38 ብር ይመንዝር እንበል። ሌላው 20 ሪያል አስከፍሎ በ40 ብር ይመንዝር። የሳዑዲ መንግሥት በክፍያው ላይ 15 በመቶ ቫት ስለሚጥል ሃያው ሃያ ሦስት ይሆናል። ልጂቱ ሁለተኛው መስኮት ላይ ቆማ 23 ሪያል ስትቆጥር ሆዷ ይባባል፤ የአንድ ሳምንት የስልክ ካርድ ነው። ወደ መጀመሪያው ትሄዳለች። በመጀመሪያው ሺህ ሪያሏ 38,000 ብር ሆኖ ይገባል። በሁለተኛው የቀረው 977 ሪያል 39,080 ብር ይሆን ነበር። «ነፃ» የተባለው 1,080 ብር በላ፤ ያውም ተመርቆ።

ይህን ለሸዋ ሮቢት የሽንኩርት ደላላ ማስረዳት ቀላል ነው፤ እንዲያውም እሱ ነው የሚያስረዳው። ገበሬውን «የጫኝ አውራጅ አላስከፍልህም፣ ጆንያም በነፃ» የሚል ነጋዴ በኪሎ ዋጋው ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቀዋል፤ ራሱም አንዳንዴ አድርጎታል። እናቲቱ ባንክ ቤት ግድግዳ ላይ «መግዣ» እና «መሸጫ» የሚሉ ሁለት ዓምዶችን አይተው፣ ከፍ ባለው አስበው፣ ዝቅ ባለው ሲከፈላቸው «ልጁ በልቶኛል» ብለው ወረፋውን ሲያስጨንቁ፣ ነገሩን ያበረደው ከኋላ የቆመ አንድ ደላላ ነበር ይባላል።

«እማማ፣ ዶላሩን የሚገዛው ማነው?»

«እኔ ነኛ፣ ልቀበል የመጣሁት!»

«አይደለም፣ እርስዎ ሻጭ ነዎት። ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ያለው ዋጋና አዲስ አበባ አትክልት ተራ ያለው ዋጋ አንድ ነው እንዴ?»

እናት ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያ ትራንስፖርቱ የታለ?» አሉ። ለዚህኛው ደላላውም መልስ አልነበረው።

የዓለም ባንክ የገንዘብ መላኪያን ዋጋ ሲለካ እንደዚህ ደላላ ነው የሚያስበው፤ የተጻፈውን ክፍያና በምንዛሪው ውስጥ የተሸሸገውን ይደምራል። መለኪያው 200 ዶላር ነው። በዚህ ስሌት የዓለም አማካይ በቅርብ ዓመታት ከ6 በመቶ በላይ ሆኖ ቆይቷል፤ ከሰሃራ በታች ወዳለው አፍሪካ ሲላክ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ግብ አስቀምጧል። ድሃ ለድሃ ሲልክ ከሁሉ በላይ ይከፍላል፤ ሚሊዮን የሚያዘዋውረው ነጋዴ በመቶኛው እንኳ አይደራደርም፣ ከነጥብ በኋላ ባሉት ቁጥሮች ነው የሚከራከረው።

ለይፋት ሰው አንድ ምቹ ነገር አለ። ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዶላር 3.75 ላይ ተቸንክሮ የቆመ ነው፤ የኤምሬትስ ድርሃምም እንዲሁ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ የሚወዛወዘው በብር በኩል ያለው ጫፍ ብቻ ነው። ያ የጎረቤት ተማሪ ይህን አንዴ ከሰማ በኋላ የሰፈሩ ገምጋሚ ሆኗል። የዕለቱን የዶላር ዋጋ ለ3.75 ያካፍላል፤ ዶላር 150 ከሆነ ሪያል 40 መሆን አለበት። ቀጥሎ እናት እጅ የገባውን ብር ከልጂቱ እጅ ለወጣው ሪያል በሙሉ፣ ክፍያውንም ቫቱንም ጨምሮ፣ ያካፍላል። ሁለቱ መልሶች በተራራቁ ቁጥር አንድ ሰው መሐል ላይ በልቷል ማለት ነው። ሥራው ሁለት ማካፈል ነው፤ በሒሳብ ደብተሩ ግን ከዚህ በፊት ያን ያህል የጠቀመው ገጽ የለም።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ይህ ሁሉ ስሌት ቅንጦት ነበር። ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ሲገዛ፣ ጥቁር ገበያው እጥፍ ያህል ይከፍል ነበር። 23 ሪያል ክፍያ ብሎ መጨቃጨቅ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ስለ መጥረጊያ መጨነቅ ነበር። ስለዚህ ብዙው ሰው «በዚያኛው» ይልክ ነበር። «ያኛው» በሁሉም አፍ ሐዋላ ይባላል። ቃሉ ዓረብኛ ነው፤ ማዛወር ማለት ነው። የሚያስቀው ሕጋዊው ባንክም «የሐዋላ አገልግሎት» ብሎ ለጥፎ ይህንኑ ቃል መጠቀሙ ነው። ፖሊስ የሚፈልገውና ባንኩ የሚሸልምበት አንድ ስም ነው ያላቸው፤ ልዩነቱ ፊቱ ላይ የምትለጠፈው «ሕገ ወጥ» የምትባል ቃል ናት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጂቱ ሺህ ሪያሏን መንፉሃ ለሚገኝ ሰው ትሰጣለች። ሰውየው ስልክ ይደውላል። ሰዓት ሳይሞላ በእናቲቱ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ስሙን ሰምተውት የማያውቁት ሰው ብር ያስገባል። ሪያሉ ባሕር አልተሻገረም፤ ብሩም ከኢትዮጵያ አልወጣም። እዚያ ሪያል የሚፈልግ፣ ጨርቅ ወይ የስልክ ቀፎ የሚያስመጣ ነጋዴ አለ፤ እዚህ ብር የሚፈልጉ እናት አሉ። ሁለቱ ሳይተያዩ ተለዋወጡ።

አሁን ወደ ለንደን እንሂድ። ሁለት ኢስቶኒያውያን፣ ታቬት ሂንሪኩስና ክሪስቶ ኬርማን፣ እዚያ ይኖሩ ነበር። አንዱ ደመወዙ በዩሮ ነው፣ የሚያወጣው በፓውንድ። ሌላው ደመወዙ በፓውንድ ነው፣ ኢስቶኒያ ያለበትን የቤት ብድር የሚከፍለው በዩሮ። ባንክ ሁለቱንም ይግጣቸዋል። በመጨረሻ የዕለቱን ትክክለኛ ምንዛሪ አይተው አንዱ ለሌላው እዚያው ባለበት አገር ሒሳብ ውስጥ ማስገባት ጀመሩ። ገንዘቡ ድንበር አልተሻገረም። መንፉሃ ያለው ሰውዬ ይህን ቢሰማ «ታዲያ ይሄ ምኑ አዲስ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ሁለቱ ሰዎች ግን በ2011 እ.ኤ.አ. ትራንስፈርዋይዝ የሚባል ኩባንያ አቋቋሙበት፤ በ2021 ስሙን ዋይዝ ብለው ለንደን የአክሲዮን ገበያ ላይ አወጡት።

በእርግጥ ልዩነት አለ። የለንደኖቹ ፈቃድ አላቸው፣ ላኪው ማን እንደሆነ ያጣራሉ፣ ገንዘቡ ቢጠፋ የሚከሰስ አድራሻ አላቸው። መንፉሃ ያለው ሰው አድራሻው ስልክ ቁጥሩ ነው፤ ስልኩን ከዘጋው አድራሻውም ይዘጋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል፤ በዚህ መንገድ የገባ ብር ሒሳብ ሲያሳግድም ታይቷል። ምንም የማያውቁ እናት ከማያውቁት ሰው የገባላቸውን ብር ምንጭ ተጠይቀው «እግዜር ነው የሰጠኝ» ቢሉ፣ መልሱ ባንክ ቤት ብዙ ርቀት አያስኬድም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። መንግሥት ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ ያደረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ። ቅዳሜ ሺህ ሪያል የተቀበለ 15,300 ብር ያህል ይዞ ሄዷል፤ ሰኞ የተቀበለ 19,900 ብር ያህል። አንድ እሑድ ብቻ ነው በመካከል ያለፈው፤ የሰንበቴ ገበያ የሚውልበት እሑድ። ዶላሩ ከሳምንታት በኋላ መቶን አልፎ መውጣቱን ቀጠለ። በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ገደል ጠበበ፣ ግን አልተደፈነም።

የዚያን ሰሞን በይፋት አዲስ ሙያ ተወለደ፤ ዶላር ጠባቂነት። «ቆይ፣ ነገ ይጨምራል» የሚል አጎት በየቤቱ ተገኘ። ድሮ ለዝናብ ሰማይ የሚያይ ሰው አሁን ስልክ ያያል። ልጂቱ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዟን ይዛ እንድትጠብቅ ተመከረች፤ ምንዛሪው ሲያሻቅብ የዘይቱም የጤፉም ዋጋ አብሮ ማሻቀቡን አጎት አላሰቡትም። ያተረፉትን በምንዛሪ አስልተው የከሰሩትን በሱቅ አወቁት።

ክፍያው በመጠን የማይጨምር ከሆነ ግን ሰብሰብ አድርጎ መላክ በእውነት ያዋጣል። በዚያው ምሳሌ፣ 200 ሪያል ለመላክ 23 የከፈለች ልጅ ከመቶ አሥራ አንድ ተኩል ትሰጣለች፤ ሺህ ስትልክ 2.3 በመቶ። ሪያድ ያሉ ሴቶች ይህን ያወቁት ከዓለም ባንክ ሳይሆን ከዕቁብ ነው። ሦስት ሆነው ዕቁብ ይገባሉ፤ ዕጣ የወጣላት ሦስት ሺህ ሪያል በአንድ ጊዜ ትልካለች። ክፍያው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ጉድለቱ ዕቁቡ ሪያድ መሆኑን ሸዋ ሮቢት ያሉ እናቶች አለማወቃቸው ነው። ዕጣዋ ሦስተኛ የወጣ ልጅ እናት ሁለት ወር ሙሉ «ያቺ ልጅ ምን ነካት? ባል አገባች?» ሲሉ ይከርማሉ።

በሰው እጅ መላክም አለ። ወረቀት ላይ ከዚህ የረከሰ የለም፤ ክፍያው ዜሮ። ተጓዡ ግን አደራ ተቀባይ እንጂ ባንክ አይደለም። ብር ያደረሰ ሰው ቡና ይፈላለታል፣ ዶሮ ይታረድለታል፣ ሲመለስ ደግሞ በርበሬና ድርቆሽ ተሸክሞ እንዲሄድ ይጫንበታል። የሻንጣው ትርፍ ኪሎ ሒሳብ ሲመጣ ማን እንደሚከፍል ለወራት ያጨቃጭቃል።

ባንክ ቤቱ መስኮት ላይ ደግሞ በምንም መቶኛ የማይሰላ ወጪ አለ፤ ስም። መሐመድ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በትንሹ አምስት መልክ አለው። ሪያድ ያለችው ልጅ የአባቷን ስም በአንዱ ጽፋ ስትልክ፣ መታወቂያው በሌላው ከሆነ ባንኩ «ይስተካከል» ይላል። አንድ ፊደል ለማስተካከል ሪያድ ይደወላል፣ ልጂቱ ፈቃድ ጠይቃ ከቤት ትወጣለች፣ እናቲቱ በማግሥቱ ባጃጅ ከፍለው ይመለሳሉ። ከዚህ የባሰው ላኪዋን መጥራት ነው። በአንድ ወቅት ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ አንዳንድ የክርስቲያን ልጆች የሙስሊም ስም ይዘው ፓስፖርት ያወጡ ነበር። ከፋዩ «ላኪዋ ማን ትባላለች?» ሲል፣ እናት አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው በሹክሹክታ «የቱ ስም ይሻልሃል፣ እኔ ክርስትና ያስነሳኋት ነው ወይስ ደላላው ያስነሳት?» ይላሉ።

በስልክ መቀበል ይህን ሁሉ ያቀልላል ተብሎ ነበር፤ አቅልሏልም። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ሳይቀር ስልክ ላይ መቀበል ተችሏል። የይፋት መንገድ ግን ለረከሰ ነገር ሁልጊዜ አይመችም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲገባ ባንክ ቤት መሄድ ቀርቶ ከቤት መውጣትም የማይታሰብ ነበር፤ መንግሥት ከተማዋ መለቀቋን ያስታወቀው ኅዳር 22 ቀን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ ከሁሉ የረከሰው መተግበሪያ ከሁሉ የማይረባው ሆነ። ያን ጊዜ ያቺ አሥር አኃዝ፣ በድምፅ ጥሪ የምትነገረውና በወረቀት የምትጻፈው፣ እንደገና ንግሥት ሆነች። ኔትወርኩ ሲመለስም ባንክ ቤቱ «ሲስተም የለም» ካለ ያው ነው። ሲስተሙ የት ሄዶ እንደሚከርም እስካሁን ለእናቲቱ የነገራቸው የለም።

ዛሬ ግን ሲስተም አለ። እናቲቱ በር ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ሲልጡ ስልኩ ጮኸ። አጭር መልእክት ነው፤ በእንግሊዝኛ። ተማሪው ተጠራ። አነበበ፣ ዜሮዎቹን በጣቱ ቆጠረ፣ ደብተሩን ገልጦ ሁለቱን ማካፈል አካፈለ። «በዚህኛው ይሻላል፣ ይንገሯት፣ ሁለተኛ በዚያ በነፃው እንዳትልክ» አለ። እናት መረቁት፤ ዕድሜህ ይርዘም፣ ለወግ ማዕረግ ያብቃህ፣ ዶክተር ያድርግህ።

ልጁ ምርቃቱ እስኪያልቅ በትዕግሥት ቆመ። ከዚያ አንገቱን አከክ አከክ አድርጎ፣ «እማማ፣ የሃምሳ ብር ካርድ ይሙሉልኝ» አላቸው።